የአሮጌ ቤንዚን ላንድክሩዘር የነዳጅ መስመር፦ ፓምፕ ከመቀየራችሁ በፊት

ይህ ጽሑፍ ኤፍ ወይም 2ኤፍ የቤንዚን ሞተር ከነካርቡራቶሩ ላለው ኤፍጄ40 እና ኤፍጄ45 ላንድክሩዘር ነው። የናፍጣዎቹ ጉዳይ ሌላ ነው። ኤሌክትሪክ ፓምፕ ጥሩ ማሻሻያ ነው፤ ግን ቤንዚኑ የት እንደታነቀ ሳይታወቅ ከተገጠመ ገንዘብ ማባከን ነው። ካርቡራቶር የሚፈልገው በቂ መጠን እንጂ ከፍተኛ ግፊት አይደለም፤ ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይበቃዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። ሞተሩ በቀዘቀዘበት፣ ደጅ ላይ፣ ሲጋራ በሌለበት ቦታ ቱቦውን ከካርቡራቶሩ ፍቱና ጫፉን አንድ ሊትር በሚይዝ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አስገቡ። ሞተሩ እንዳይነሳ የቦቢናውን (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን) ገመድ ነቅላችሁ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ለ10 ሴኮንድ አዙሩ። ደህና ሜካኒካል ፓምፕ እየቆራረጠ በኃይል ይረጫል። አረፋ ከመጣ ከፓምፑ በፊት ያለው ቱቦ አየር እየሳበ ነው። ኤሌክትሪክ ፓምፕ ከሆነ ያለሞተሪኖ አስነሱት፤ ሃይላንዱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መሙላት አለበት። 4.2 ሊትሩ ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ በሰዓት 40 ሊትር ገደማ ስለሚጠጣ፣ አንድ ሊትር በደቂቃ በቂ መጠባበቂያ ይሰጣል።

ሜዳ ላይ ደህና፣ ዳገት ላይ ይታነቃል

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስትወጡ ጉልበት ካጣ፣ ወዲያው አቁሙና የሰልባቲዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ክዳን ክፈቱ። ፉጨት ተሰምቶ አየር ወደ ውስጥ ከሳበ መተንፈሻው ተደፍኗል። መተንፈሻ ቱቦውን በአየር ንፉ፤ ክዳኑን በትክክለኛው ተኩ እንጂ አትብሱት፤ ቤንዚን ይረጫል። ፉጨት ከሌለ ፊልትሮውን አውጥታችሁ በአፉ በኩል ገልብጡት። ቡናማ ዱቄት ከወረደ ችግሩ ሰልባቲዮው ውስጥ ነው፤ ከታች ተመልሰንበታል። የጎማ ቱቦዎችንም እጠፏቸው። እጥፋቱ ላይ ስንጥቅ ከታየ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለነዳጅ በተሠራ የ8 ሚሊሜትር ቱቦ ቀይሩ። የውኃ ቱቦ በቤንዚን አብጦ ከውስጥ ይዘጋል፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም።

ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎሐ ጽዮንን የሚወጣ መኪና በብዛት የሚያመው ይህ ነው። ሜካኒካሉ ፓምፕ ሞተሩ ጎን ተቀምጦ ቤንዚኑን ከሰልባቲዮው ይስባል። በሚስብበት መስመር ውስጥ ግፊት ስለሚወርድ፣ ከሞተሩ ሙቀት ጋር ተደምሮ ቤንዚኑ እንፋሎት ይሆናል። ፓምፑ ደግሞ እንፋሎት መግፋት አይችልም። ከፍታም ያባብሰዋል፤ ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቤንዚን ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በቀላሉ ይፈላል።

መፍትሄው ከመሳብ ወደ መግፋት መሄድ ነው። ከ2.5 እስከ 4 ፒኤስአይ የሚሰጥ የካርቡራቶር ኤሌክትሪክ ፓምፕ ሻንሲው ላይ፣ ሰልባቲዮው አጠገብ፣ ከሰልባቲዮው ወለል ከፍ ሳይል፣ በጎማ መቀመጫ እሰሩ። ከጭስ ማውጫው አርቁት። ክረምት ወንዝ የምትሻገሩ ከሆነ በሻንሲው ውስጠኛ ጎን ይሁን። ካርቡራቶሩ አጠገብ ቲ (ባለሦስት አፍ ማገናኛ) አስገብታችሁ 1.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው መመለሻ ወደ ሰልባቲዮው ዘርጉ፤ እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል፣ ቤንዚኑም ሳይቆም ስለሚዞር አይግልም። ቱቦውን ከጭስ ማኒፎልዱ ማራቅና በመሃል የቆርቆሮ መከለያ ማድረግም ይረዳል።

አሮጌውን ፓምፕ በመስመሩ ላይ አትተዉት። ዲያፍራሙ ከተቀደደ ኤሌክትሪኩ ፓምፕ ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሞተር ዘይት ይገፋዋል። ፍቱት፤ ቀዳዳውን በ4 ሚሊሜትር ላሜራና በጓርኒሲዮን (በማሸጊያ) ዝጉ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም ዘይቱ ሳይጨመር ከፍ ካለ ግን ሞተሩን አታስነሱ፤ መጀመሪያ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀይሩ።

አዲስ ፓምፕ ከተገጠመ በኋላ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ

ብዙውን ጊዜ የተገጠመው ኢንጀክሽን ላለው መኪና የተሠራ ፓምፕ ነው። እሱ ከ40 ፒኤስአይ በላይ ስለሚሰጥ የካርቡራቶሩ መርፌ ሊዘጋው አይችልም፤ ርካሽ ሬጉሌተርም (ግፊት መቀነሻም) ያን ያህል አያወርደውም። ፓምፑን ቀይሩ። ፓምፑ ትክክለኛው ሆኖ ከ5 ፒኤስአይ በላይ ካነበበ ሬጉሌተር ጨምሩና 3 ላይ አቁሙት።

ካርቡራቶሩ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ መስታወት ተመልከቱ። ሞተሩ እየሠራ ቤንዚኑ መሃል ላይ ካለችው ምልክት መቆም አለበት። ግፊቱ ልክ ሆኖ ከምልክቱ በላይ ከወጣ መርፌው አልቋል ወይም ቆሻሻ ይዞታል፣ አለዚያም ተንሳፋፊው ተበስቶ ቤንዚን ጠጥቷል። ተንሳፋፊውን ጆሯችሁ አጠገብ አወዛውዙት፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ተኩት።

ፓምፑ ይጮኻል ግን አይገፋም

ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው። ፓምፑ ጫፍ ላይ ቮልቱን እየሠራ ለኩ፤ ከባትሪው ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ አሮጌው ገመድ እየበላው ነው። ከባትሪው በ15 አምፔር ፊውዝና በሪሌይ በኩል አዲስ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ዘርጉ፤ ኔጌቲቩን ዝገቱ ተፍቆ በጸዳ ሻንሲ ላይ እሰሩ። የዘይት ግፊት ሲጠፋ ፓምፑን የሚያቆም ባለሦስት እግር ስዊች ግድ ነው። መኪናው ተገልብጦ ቁልፉ ክፍት ከቀረ ፓምፑ ቤንዚን እያፈሰሰ ይቀጥላልና።

ፊልትሮ በየሳምንቱ ይደፈናል

በጄሪካን የተገዛ ቤንዚን ውኃና ቆሻሻ ይዞ ይመጣል፤ ግማሽ ሆኖ የሚያድር ሰልባቲዮም በክረምት ከውስጥ ይረጥባል። አውጡት፣ ባዶ አድርጉት፣ ጥቂት ቀን ክፍቱን ይናፈስ። ከ5 እስከ 10 ሊትር አቼቶና አንድ ሜትር ሰንሰለት ጨምራችሁ በየተወሰነ ሰዓት እያገላበጣችሁ አሳድሩት። ጠጠር አትጠቀሙ፤ ሁሉም ተመልሶ አይወጣም። በውኃና በቤኪንግ ሶዳ አለቅልቁ፣ ወዲያው በአየር አድርቁ፣ ሳይውል ሳያድር ቤንዚን አስነኩት፤ ካቆያችሁት በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል። የሚያፈስ ሰልባቲዮ ላይ ብየዳ እንዳታስነኩ፤ የቀረው እንፋሎት ይፈነዳል። ሲመለስ ወፍራም ፊልትሮ ከፓምፑ በፊት፣ ደቂቁን ከፓምፑ በኋላ ግጠሙ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ካንዴላው አሁንም ጥላሸት ከለበሰ ፓምፑን አትክሰሱ። በ1,800 ሜትር አየሩ ከባሕር ጠረፍ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ስለሚሳሳ፣ የፋብሪካው ጄት (ቤንዚን የሚለካው የካርቡራቶሩ ቀዳዳ) ቤንዚን ያበዛል። ዋናውን ጄት አንድ ቁጥር አውርዱ፣ ጢስ ዓባይ ደርሳችሁ ተመለሱና ካንዴላውን ፍቱ። ቀላል ቡናማ ከሆነ እዚያው ተዉት፤ ነጭ ከሆነ ሞተሩን ስለሚያቃጥል ወደ ቀድሞው መልሱት።