ፓንዶክ አማርኛዬን ሲያበላሽብኝ እንዴት እንዳስተካከልኩት

ሰሞኑን የአጎቴን የቡና አጠባና አደራረቅ ማስታወሻ፣ ኖትፓድ ላይ በተራ ጽሑፍ የተየብኩትን፣ በፓንዶክ (ጽሑፍን ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ የሚቀይር፣ በትእዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም) ወደ ኤችቲኤምኤል (ብሮውዘር የሚያነበው የድረ ገጽ ፎርማት) ልቀይር ብዬ ሁለት ማታ ተቃጠልኩ። ብሮውዘር ላይ ስከፍተው አማርኛው የለም፣ አናታቸው ላይ ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደሎች ብቻ ተደርድረዋል። ፎንት መስሎኝ ፎንት ሳወርድ ዳታዬ አለቀ፣ ጅማ ደግሞ ዝናቡን ታውቁታላችሁ፣ መሃል ላይ መብራትም ሄደ።

ለካ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 (የአማርኛን ፊደል ጭምር የሚይዝ የጽሑፍ አቀማመጥ) ነው፣ ምንም አልሆነም። ፓንዶክ ዝም ብለህ ካዘዝከው የገጹን አካል ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ሄድ (head) በሚባለው የገጹ ራስጌ ውስጥ የሚገባውን የኢንኮዲንግ መስመር፣ ፊደሉ በምን አቀማመጥ እንደተጻፈ ለብሮውዘሩ የሚነግረውን፣ አይጨምርም፣ ስለዚህ ብሮውዘሩ እየገመተ ያነበዋል። ትእዛዙ ላይ ሰረዝ ኤስ (-s) ስጨምርበት (ሙሉ ገጽ አድርገህ አውጣ ማለት ነው) ወዲያው ተስተካከለ።

አላለቀም ግን፣ አጎቴ ጋ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስዕሎቹ ቦታቸውን ሳቱ። ከፓንዶክ 2.0 ጀምሮ ኤችቲኤምኤል ስትለው አዲሱን ስሪት፣ ኤችቲኤምኤል 5ን ነው የሚሰጥህ፣ ስዕሉን ፊገር በሚባል ታግ (የገጹን ክፍል የሚለይ ምልክት) ይከበዋል፣ የድሮ ብሮውዘር ደግሞ ፊገርን ከየት ያውቀዋል! የውጤቱን ፎርማት ኤችቲኤምኤል 4 ብዬ ስቀይረው ፊገርን ዲቭ በሚባል የቆየ ታግ ተካው፣ ዶክታይፑም (የገጹን ስሪት የሚናገረው የመጀመሪያ መስመር) ኤክስኤችቲኤምኤል 1.0 ሆነ። ለስልክ 5ኛውን፣ ለአጎቴ 4ኛውን አወጣሁ፣ ከዛው ከአንዱ ፋይል።