ፕሮሰሰር ኦፍላይን ማድረግን እንዴት እናፍጥን?

ሊኑክስ ላይ አንድ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው ስራ የሚሰራ ክፍል) ከስራ ማስወጣት ቀላል ነው። በ«ሲስ» (ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ቅንብሮቹን እንደ ፋይል የሚያሳይበት ቦታ) ስር የሲፒዩው ፎልደር ውስጥ «ኦንላይን» የምትባል ፋይል አለች። 0 ትጽፉባታላችሁ፣ አለቀ። አንድ ኮር ብቻ ከሆነ መዘግየቱ አይታወቃችሁም። ትልቅ ሰርቨር ላይ ግማሹን በሉፕ ስታጠፉ ግን ትዕግስታችሁ ያልቃል። «ሱዶ ኢኮ» (በአስተዳዳሪ ፈቃድ ጻፍ) ብላችሁ «ፈቃድ የለም» ከተባላችሁ ደግሞ አትደናገጡ፤ ፋይሏን የሚከፍተው ሱዶ ሳይሆን የእናንተው ሼል (ትዕዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም) ነው። በሱዶ «ቲ» (የተሰጠውን ወደ ፋይል የሚጽፍ ትዕዛዝ) ጻፉ።

መጀመሪያ ለኩ። ጠቅላላውን ሰዓት በ«ታይም» ያዙ። ከዚያ በትሬሲንግ ፎልደሩ (ከርነሉ የሚሰራው በሚመዘገብበት) ውስጥ «ሲፒዩኤችፒ» የሚባሉትን ኢቨንቶች አብሩ። ከ2016 ወዲህ፣ ማለትም ከከርነል 4.6 ጀምሮ፣ ኮሩ የሚወርደው ደረጃ በደረጃ ነው፤ ትሬሱ እያንዳንዱ ደረጃ ሲገባና ሲወጣ ሰዓቱን ይጽፋል። መቀነስ ብቻ ነው። እኔ ስቀንስ ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ «ስኬድ ሲፒዩ ዲአክቲቬት» የሚባለው ደረጃ ከሌሎቹ ሁሉ ረጅም ነበር። ሁለተኛ፣ የደረጃዎቹ ድምር ከጠቅላላው ሰዓት ያንሳል። የጎደለው የት ገባ? ገና የመጀመሪያው ደረጃ ሳይጀመር፣ የሆትፕለግ ቁልፉን (ኮር ማውጣትና ማስገባት በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ እንዲሆን የሚያደርገውን) ሲይዝ ነው ያለቀው።

ሁለቱም ቦታ ላይ ከርነሉ ስራ እየሰራ አይደለም። አርሲዩን፣ ማለትም አንድን ዳታ እያነበቡ ያሉት እስኪጨርሱ የሚቆመውን የከርነል ዘዴ፣ እየጠበቀ ነው።

አርሲዩን እንደ ድግስ አስቡት። መሶቡን ማንሳት ትፈልጋላችሁ፤ ግን ቀርበው እየበሉ ያሉ ሰዎች አሉ። አዲስ የመጣውን ወደ ሌላ መሶብ ትመራላችሁ፣ የነበሩት ግን እስኪጨርሱ ትቆማላችሁ። ጨዋ አሠራር ነው፣ ማንንም አይረብሽም። ግን ማን እንደጨረሰ የሚታወቀው ቀስ ብሎ፣ በሰዓት ምቱ ነው። ለአንድ ኮር ብዙ ሚሊሰከንድ ይሄዳል፤ በኮር ብዛት አባዙት።

መፍትሔው አስተናጋጁ እየዞረ እያንዳንዱን «ጨርሰሃል?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። በ«ሲስ» ውስጥ «ከርነል» ስር «አርሲዩ ኤክስፐዳይትድ» የምትባል ፋይል አለች፤ 1 ጻፉባት፣ ኮሮቹን አጥፉ፣ 0 መልሱ። ከርነል መንካት ለማይፈልግ ሰው ይህ ይበቃዋል። ምንም ለውጥ ካላያችሁ አጠገቧ ያለችውን «አርሲዩ ኖርማል» እዩ። እሷ 1 ከሆነች የበላይ ናት። የሪልታይም ከርነል (ምላሹ በተወሰነ ሰዓት እንዲመጣ የተሠራው) ሲነሳ እሷን 1 ያደርጋታል፤ ምክንያትም አለው። የሚዞረው አስተናጋጅ ስራ ላይ ያሉትን ኮሮች ሁሉ በኢንተራፕት (ስራ አቋራጭ ምልክት) ይነካካል። ስለዚህ «ኤክስፐዳይትድ»ን ወደ 0 መመለሱን እንዳትረሱ።

ከርነሉን ራሱን ለምትነኩ፦ «ከርነል» ፎልደር ውስጥ ባለው የሲፒዩ ፋይል ኮሩን የሚያወርደውን ፈንክሽን ፈልጉ። «አርሲዩ ኤክስፐዳይት ጂፒ» የሚለውን ጥሪ የሆትፕለግ ቁልፉ ከመያዙ በፊት አስገቡ። ከቁልፉ በኋላ ካስገባችሁት የመጀመሪያው ጥበቃ አመለጣችሁ። «አንኤክስፐዳይት» የሚለውን ደግሞ ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ።

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። መመለሻውን ሁሉ ነገር ሲሳካ ብቻ በሚደረስበት ቦታ ጻፍኩት። ቴስቱ አለፈ፣ ፍጥነቱ ደስ ይላል፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ከቀናት በኋላ አንዱ ማሽን ላይ የምላሽ ሰዓቱ መዝለል ጀመረ። «አርሲዩ ኤክስፐዳይትድ» ፋይሏን አየሁ፤ 0 ትላለች። ኔትወርኩን፣ ዲስኩን፣ ባዮሱን ጠረጠርኩ። ለካ ጥሪዎቹ የሚቆጥሩበት ቆጣሪ ሌላ ነው፤ ፋይሏ ላይ አይታይም! ያ ማሽን ላይ የዴድላይን ተግባራት (በተወሰነ ሰዓት ማለቅ ያለባቸው) ቦታ ይዘው ስለነበር ከርነሉ አንዱን ኮር ላጥፋ ሲል «ስራ በዝቶብኛል» የሚል ስህተት መልሶ ወጥቷል። ቆጣሪው ወጣ፣ አልወረደም። አስተናጋጁ ድግሱ ካለቀ በኋላም ሲዞር ከረመ።

ስለዚህ የውድቀቱን መንገድ ሆን ብላችሁ ሞክሩት። በየሲፒዩው «ሆትፕለግ» ፎልደር ውስጥ «ፌይል» የምትባል ፋይል አለች። የአንድ ደረጃ ቁጥር ስትጽፉባት ያ ደረጃ እንዲወድቅ ታደርጋለች። ቁጥሮቹ «ስቴትስ» በምትባለው ፋይል ተዘርዝረዋል። ሁሉም ደረጃ አይፈቅድም፤ እምቢ ካለ ሌላ ሞክሩ።

አቋራጭ ነው ብዬ የሞከርኩት ሌላ ነገር ትዕዛዞቹን በአንድ ጊዜ ከበስተጀርባ መልቀቅ ነበር። አይረባም። ሁሉም አንድ ቁልፍ በር ላይ ይሰለፋሉ። ከርነል 6.5 በ2023 ያመጣው የኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች) ትይዩ አሠራርም ለማስነሳት እንጂ ለማጥፋት አይደለም። የሃይፐርትሬዲንግ (አንዱ ኮር ሁለት ሆኖ የሚታይበት) ጥንዶችን ብቻ ማጥፋት ከሆነ ሐሳባችሁ «ኤስኤምቲ» ፎልደር ውስጥ «ኮንትሮል» ላይ «ኦፍ» መጻፍ ይሻላል፤ ውስጡ ያው አንድ በአንድ ቢሆንም የትኛው ኮር የማን ጥንድ እንደሆነ ከመቁጠር ያድናል።

ሲሪያል ኮንሶል (የከርነሉ መልእክት የሚወጣበት ቀርፋፋ መስመር) ካላችሁ ወደዚያ የሚወጣውን መልእክት ቀንሱ። በ115200 ፍጥነት ሰከንድ ውስጥ የሚያልፈው 11520 ፊደል ገደማ ነው፤ «ይህ ሲፒዩ ጠፍቷል» የምትለው አንድ መስመር ብቻ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ትበላለች።

ኮሮቹን ስትመልሱ ደግሞ የድሮውን ሲግሩፕ (ፕሮግራሞችን በቡድን የሚገድበው) ስሪት የምትጠቀሙ ከሆነ ሲፒዩሴቶቻችሁን (የትኛው ቡድን የትኞቹን ኮሮች እንደሚጠቀም የሚዘረዝሩትን) እዩ። የጠፋው ኮር ከዝርዝሩ ይሰረዛል፣ ሲነሳ ግን በራሱ አይመለስም። በእጅ ነው የምትጽፉት።