ውሻ ሞቶባችሁ የጎዳና ውሻ ልታሳድጉ ነው? እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

ቦቢ አሥራ አንድ ዓመት አብሮን ኖሮ በሰኔ ሞተ። ጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ቀበርነው። ያን ሰሞን ፊቴን ያየ ሁሉ «ምን ሆነሻል?» ይለኛል፤ «ውሻዬ ሞቶብኝ» ስል ግማሹ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ያዞራል። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ «ውይ ልጄ፣ ሌላ አምጪና እርሺው እንጂ» አሉኝ። እኔም በሁለተኛው ሳምንት ከሰፈራችን ሥጋ ቤት ደጅ የምትውል አንዲት ቡናማ ውሻ አመጣሁ።

ግቢው ሳይጸዳ ማምጣት

ቦቢን የወሰደው እርጅና ስለሆነ እኔን ዕድል ረድቶኛል። ውሻችሁ የሞተው በፓርቮ፣ ማለትም ቡችሎችን በትውከትና በተቅማጥ በሚገድለው የቫይረስ በሽታ ከሆነ ግን፣ ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ያልተከተበ ቡችላ እዚያ ግቢ ማስገባት ሁለተኛ ሞት መጥራት ነው። ሲሚንቶውንና ሳህኑን መጀመሪያ በሳሙና አጥባችሁ፣ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ማጽዳት ትችላላችሁ፤ አፈሩን ግን በረኪና አያጸዳውም። እንዲህ ያለ ግቢ ያለው ሰው ክትባቱን የጨረሰ ትልቅ ውሻ ቢወስድ ይሻለዋል።

የሟቹን ስምና ጠባይ ማውረስ

ልጆቹ «ቦቢት» አሏት፤ እኔም ዝም አልኩ። ስሙ ብቻውን ባልከፋ ነበር፤ ክፋቱ ከስሙ ጋር የቦቢን ጠባይም መጠበቃችን ነው። ቦቢ የታክሲ በር ሲዘጋ ሰምቶ ሮጦ በር ላይ የሚቀበለን ውሻ ነበር። እሷ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ከሮቶው ሥር አልወጣችም። ምግቧን የምትበላው እኛ መብራት ካጠፋን በኋላ ነው።

በሳምንቱ ትንሹ ልጄ ቦቢን እንደሚያቅፈው አንገቷን ጥምጥም ብሎ አቀፋት። ክንዱን ነከሰችው። ጥርሷ ቆዳውን በስቶ ትንሽ ደም ወጣ። በእሷ አልፈርድባትም፤ የማታውቀው ሰው አንገቷን ሲይዛት መታነቅ መስሏት ይሆናል። በደፈናው የሚባለው፣ ውሻ ፍርሃቱ እንዲበርድለት ሦስት ቀን፣ የቤቱን ሥርዓት እንዲለምድ ሦስት ሳምንት፣ ቤቴ ብሎ እንዲቀመጥ ሦስት ወር ስጡት ነው። የጎዳና ውሻ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ባየኋት ቁጥር ልቤ ከቦቢ ጋር ያወዳድራት ነበርና ሦስት ቀኑንም አልሰጠኋትም።

«ጤነኛ ትመስላለች» ብሎ ክትባት ማዘግየት

የእብድ ውሻ በሽታ ውሻ ላይ ምልክቱ ሳይታይ ለሳምንታት ወይም ለወራት ሊደበቅ ይችላል። ውሻ ሦስት ወር ከሞላው ይከተባል፤ የመጀመሪያው ክትባት አስተማማኝ የሚሆነው ከወር ገደማ በኋላ ነው፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። እኔ «ትልመድና እወስዳታለሁ» ብዬ ነበር።

ልጄ ሲነከስ ግቢው በመካሪ ሞላ። ነጭ ሽንኩርት የሚል አለ፣ ጠበል የሚል አለ፣ ውሻዋ አሁኑኑ ትገደል የሚልም አልጠፋ። ጠበሉን የፈለገ ይጠመቅ፤ ቅድሚያ ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ዛሬም «ፓስተር ውሰጂው» የሚለው፣ የእብድ ውሻ ክትባት ሲሠራበት የኖረውን ተቋም በድሮ ስሙ እየጠራ፣ ያለ ምክንያት አይደለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ይህን በሽታ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ውሻዋንም መግደል ስህተት ነው፤ ታስራ 10 ቀን ትታያለች። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጤነኛ ሆና ከቆየች ስትነክስ በሽታውን አላስተላለፈችም ማለት ነው። የኛዋ ዐሥሩንም ቀን ስትበላ ስትጠጣ ቆየች።

ጥሬ ሳንባ መስጠት

ይሄ የእኔ ብቻ ሳይሆን የሀገሩ ሁሉ ስህተት ነው። ሥጋ ቤቱ የማይሸጠውን ሳንባና ጉበት ለውሻ ይጥላል፤ እኛም በፌስታል ይዘን እንመጣለን። አንድ ቀን ሳንባውን ስቆርጥ የዕንቁላል አስኳል የሚያህል፣ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ቢላዋዬ ላይ ፈነዳ። «ስብ ነው» ብዬ ሰጠኋት።

ስብ አልነበረም። የኮሶ ዘመድ የሆነች፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ትል እጭ ነበር። ውሻ ከረጢቱን ሲበላ እጩ አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ሣርና ፀጉሩ ላይ ይቀራል። በግና ከብት ከሣሩ ጋር ይበሉታል፤ ሰው ደግሞ ውሻ ዳሶ እጁን ሳይታጠብ ሲጎርስ ይውጠዋል። ያ ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ዓመታት እያደገ ቆይቶ ለቀዶ ሕክምና ሊያደርስ ይችላል። ውሻው ግን ምንም ሳይመስል ይዞራል።

ሳንባና ጉበት መስጠት የግድ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይቀቀል። ከረጢት ያለበት በጥልቅ ይቀበር፣ ወይም ይቃጠል። የጎዳና ውሻ ስታመጡም ሐኪሙን ይህችን ትል ስለሚገድለው መድኃኒት፣ ስለ ፕራዚኳንቴል ጠይቁት፤ ብዙዎቹ የአንጀት ትል መድኃኒቶች ይህችን ትል አይገድሏትም።

ሰንሰለት

አጭር ነው፦ ታስሮ የማያውቅ ውሻ ላይ በመጀመሪያው ሌሊት ሰንሰለት አታድርጉ። እኔ አደረግሁ፤ ሰፈሩ አልተኛም፣ ጠዋት አንገቷ ተልጦ ነበር።

ሴት ውሻን ሳያስመክኑ ማቆየትም እንደዚሁ ስህተት ነው። ጽንሱ ሁለት ወር ገደማ ነው፤ ቡችሎቹን የሚወስድ ሰው ግን በሁለት ዓመትም አይገኝ። ሴቶቹ ቡችሎች ጎዳና የሚጣሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

በዓልን መርሳት

ቦቢ ርችት እየተንጣጣ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። ስለዚህ የቡሄ ዋዜማ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሊሉ ሲገቡ በሩን ከፍቼ ተውኩት። አንዱ ጅራፉን ሲያጮኸው እሷ በመካከላቸው ተፈትልካ ወጣች።

ሁለት ቀን ፈለግናት። በሦስተኛው ቀን ትልቋ ልጄ «ሥጋ ቤቱ ጋ አየናት?» አለች። ፍልሰታ ስለሆነ ዝግ ነው ብዬ አላሰብኩትም ነበር። ሄድን። ከተዘጋው የብረት በር ሥር፣ ባዶ ደረጃ ላይ ጥቅልል ብላ ተኝታለች። አጠገቧ ሳልሄድ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ተነሣችና ከኋላችን ተከትላ ገባች።

ልጆቹ ከዚያ ቀን ወዲህ «ጾመኛ» ይሏታል። ቦቢት ሲሏት ዞራም አታይም ነበር፤ በዚህኛው ትመጣለች።