ዳታቤዝ ያለው ድረ ገጽ መሥራት ስትጀምሩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

በመግቢያ ኮርሱ የፒኤችፒ (የድረ ገጽ ኮድ ቋንቋ) እና የማይኤስኪውኤል (ዳታቤዝ) ፕሮጀክት ሳርም፣ ተማሪው "ይሠራል" ብሎ ማሳየት ሳይጀምር ኪቦርዱን እቀበለዋለሁ። ሎግኢን ፎርሙ ላይ፣ ስም በሚጻፍበት ሳጥን ይህችን አስገባለሁ፦ ' ኦር 1=1 --

ፓስወርዱ ላይ እጄ የመራኝን እነካካለሁ። ብዙ ጊዜ "እንኳን ደህና መጡ፣ አድሚን" ይለኛል።

ተማሪው ለዳታቤዙ የሚላከውን የኤስኪውኤል ትእዛዝ የሠራው ከፎርሙ የመጣውን ጽሑፍ በነጥብ (በፒኤችፒ የጽሑፍ መቀጠያ) እየቀጠለ ነው። የእኔ ነጠላ ጥቅስ እሱ የከፈተውን ጥቅስ ዘጋችበት። 1=1 ለሁሉም ረድፍ እውነት ነው። ሁለቱ ሰረዞች (ከኋላቸው ባዶ ቦታ ካለ) የቀረውን፣ ማለትም ፓስወርዱ የሚጣራበትን ክፍል፣ ኮሜንት አደረጉት። ኮዱ እንግዲህ ከመጡት ረድፎች የመጀመሪያውን ያነሳል፤ እሱም ተማሪው ሲሞክር ያስመዘገበው አድሚን ነው።

መድኃኒቱ ጥቅስ ምልክቶችን እያሳደዱ ማጥፋት አይደለም። ፕሪፔርድ ስቴትመንት ተጠቀሙ። ትእዛዙ በዋጋው ቦታ የጥያቄ ምልክት ይዞ ቀድሞ ይሄዳል፣ ዋጋው ተከትሎ ይላካል፤ ስለዚህ ምንም ቢጻፍበት ዳታ ሆኖ ይቀራል። ፒዲኦ (ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኝበት መሣሪያ) ከማይኤስኪውኤል ጋር ሲሠራ ካልነገራችሁት ይህን አስመስሎ ነው የሚያደርገው፤ ይህን ማስመሰል (ኢሚዩሌሽኑን) አጥፉት። በአሮጌ ቪዲዮዎች የምታዩት ከዳታቤዝ መገናኛ ፈንክሽን ማይኤስኪውኤል_ኮኔክት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ፒኤችፒ 7 ጀምሮ የለም። እሱን የሚያስተምር ካገኛችሁ ዝጉት።

ፓስወርድን እንዳለ ወይም በአሮጌው ኤምዲ5 ማስቀመጥም አይሆንም፤ ፓስወርዱን ወደ ሃሽ (ወደ ኋላ ወደማይመለስ የቁምፊ ድርድር) የሚቀይር ፓስወርድ_ሃሽ የሚባል ፈንክሽን አለላችሁ። እዚህ ላይ ግን በየሴሚስተሩ የማያት ወጥመድ አለች። ፓስወርድ_ሃሽ የሚጠቀምበት ቢክሪፕት የሚያወጣው ሃሽ 60 ቁምፊ ነው፤ ኮለሙ ቫርቻር 50 (እስከ 50 ቁምፊ ብቻ የሚይዝ) ከሆነና የሰርቨሩ ጥብቅ ሞድ (የማይገባ ዋጋን የሚከለክለው ቅንብር) ከጠፋ፣ የመጨረሻዎቹ 10 ድምፅ ሳያሰሙ ይቆረጣሉ። "መምህር፣ ኮዱ ልክ ነው፣ ግን አያስገባኝም" ብሎ የሚመጣ ተማሪ ሲገጥመኝ ኮዱን አልከፍትም፤ ቴብሉን ነው የማየው። 255 ስጡት።

ስልክ ቁጥርን ኢንት (ሙሉ ቁጥር) አታድርጉ። 09 ብሎ የጀመረው ዜሮው ይጠፋል። በ251 የጀመረው ኢንት ከሚይዘው ትልቁ ቁጥር ስለሚያልፍ ጭራሽ አይገባም፤ ጥብቅ ሞድ ከሌለ የሁሉም ሰው ስልክ ያ ትልቁ ቁጥር፣ 2147483647፣ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስልክ ስለማይደመርና ስለማይቀነስ ጽሑፍ ነው።

ቀኑን በዴት ኮለም በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጡና ለተጠቃሚው ስታሳዩ ቀይሩት። የእኛን አቆጣጠር እንዳለ ካስገባችሁት ጥቅምት 30 (ሁለተኛ ወር ስለሆነ) አይቀበላችሁም፤ ጳጉሜማ ወሩም የለ።

አማርኛው ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ስሞቹ ???? ሆነው ከመጡ ቴብሉ ወይም ግንኙነቱ ላቲን1 (የአማርኛ ፊደል የሌለው የቁምፊ ስብስብ) ነው፤ ሁለቱንም አማርኛን የሚይዘው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጉ። አንዱን ብቻ አስተካክሎ የሚደነቅ ብዙ ነው። ርዝመት ስትለኩም ባይት በሚቆጥረው የፒኤችፒ ፈንክሽን በስትርሌን "አበበ" 9 ነው፣ አንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ። ፊደል የሚቆጥረው ኤምቢ_ስትርሌን 3 ይላችኋል።

ፍለጋው ይብሳል። ሬጅስትራር "ሐና" ብሎ የመዘገባትን ልጅ "ሀና" ብላችሁ ብትፈልጉ ባዶ ገጽ ይመጣል፤ ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆንም ለዳታቤዙ ሁለት ፊደል ነው። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው የሚመልስ አጭር ፈንክሽን ጻፉና ውጤቱን በሌላ ኮለም አስቀምጡ። የሚፈለገውንም ቃል በዚያው ፈንክሽን አሳልፉት። ልጅቷ የጻፈችውን ስም ግን አትንኩባት፤ ስክሪኑ ላይ "ሐና" ሆኖ ይታይ።