ወደ ለንደን የንግድ ሕግ ድርጅቶች ለመግባት ዩኒቨርሲቲ ሲመረጥ

ክሊፎርድ ቻንስ፣ ሊንክሌተርስ፣ ፍሬሽፊልድስ እና ስሎተር ኤንድ ሜይን የመሳሰሉ ትልልቅ የለንደን ድርጅቶች ሠልጣኝ ሶሊሲተር (ደንበኛን የሚያማክርና የሕግ ሰነድ የሚያዘጋጅ ጠበቃ) የሚመለምሉት ሥራው ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ገደማ አስቀድመው ነው። ሕግ የሚያጠና ተማሪ በሁለተኛ ዓመቱ ሲያመለክት በእጁ ያለው የአንደኛ ዓመት ውጤት ብቻ ነው። «አንደኛ ዓመት ለዲግሪው አይቆጠርም» ሲባል ሰምቶ የሚዘናጋው ብዙ ነው። ቅጹ ግን ብዙ ጊዜ የእያንዳንዱን ኮርስ ውጤት በቁጥር ይጠይቃል፤ የሚጠበቀውም ከመቶ 60ና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ስም ካለው ዩኒቨርሲቲ 56 ይዞ ከመቅረብ ከመካከለኛው 68 ይዞ መቅረብ ይሻላል።

የዩኒቨርሲቲ ስም ዋና ጥቅሙ ከማመልከቻው በፊት ነው። ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅ፣ ኤልኤስኢ፣ ዩሲኤል፣ ኪንግስ፣ ዱራም ወይም ብሪስቶል ላሉ ተማሪዎች ድርጅቶቹ በጥቅምትና በኅዳር ግቢ ድረስ ይመጣሉ፤ የተማሪዎቹን የሕግ ማኅበር በገንዘብ ይደግፋሉ። ቀድሞ ያለፈ ተማሪም ማመልከቻ ያርምላቸዋል። ሌላ ቦታ ያለው አልተከለከለም፤ ወሬው ዘግይቶ ይደርሰዋል እንጂ። መዘግየት ደግሞ ያስከፍላል፤ ብዙዎቹ ድርጅቶች ማመልከቻ በገባ ቁጥር እያዩ ቦታ ስለሚሰጡ፣ በመጨረሻው ቀን የገባ የተረፈውን ይሻማል።

ከዚያ ወዲያ የስሙ ጉልበት ይቀንሳል። ብዙ ድርጅቶች የሚሰጡት፣ አመዛዝኖ የማሰብ ችሎታን የሚለካው የዋትሰን ግሌዘር ፈተና 40 ጥያቄ በ30 ደቂቃ ነው፤ የት እንደተማራችሁ አይጠይቅም። ክሊፎርድ ቻንስም ለመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ጠያቂዎቹ ሲቪ እንዳያዩ ያደረገው ገና በ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው።

ቅጹ ላይ በስደት መምጣታችሁን ወይም በትምህርት ቤት ነፃ ምሳ መብላታችሁን የሚጠይቅ ክፍል ካለ በይሉኝታ ባዶ አትተዉት። ድርጅቱ ውጤታችሁን ከትምህርት ቤታችሁ ደረጃ ጋር አነጻጽሮ የሚያየው በዚህ ነው።

ሕግ ካልተጠና ጠበቃ አይኮንም የሚሉ ወላጆች የሚያስቡት የአገር ቤቱን ሥርዓት ነው። በእንግሊዝ ከመስከረም 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማንኛውም ዲግሪ ያለው ኤስኪውኢ የሚባለውን የሶሊሲተርነት መመዘኛ ሁለት ፈተናዎች አልፎ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ካሟላ ሶሊሲተር ይሆናል። ልምዱም እስከ አራት ቦታ ተከፋፍሎ ሊሞላ ይችላል። ውጤታችሁ ለሕግ ካላደረሰ በጠንካራ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ማጥናት ብልህነት ነው፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች የመረጡትን ተማሪ የሕግ ማሸጋገሪያ ኮርስ ራሳቸው ይከፍላሉ። ሕግ ላላጠናው ማመልከቻው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ዓመት ስለሆነ፣ የሚያሳየው ውጤትም አንድ ዓመት ይጨምራል።

ብዙም ስም የሌለው ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ፣ አንደኛ ዓመት መስከረም ላይ ተማሪዎችን ወደ ሥራው ለማስገባት የሚረዱት አስፓየሪንግ ሶሊሲተርስ እና ኤስኢኦ ለንደን ዘንድ ተመዝገቡ፤ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚዘጋጁትን የጉብኝት ቀናት ያዙ። በሁለተኛው ዓመት መስከረምና ጥቅምት ላይ ለቬኬሽን ስኪም አመልክቱ። ይህ ክፍያ ያለው የጥቂት ሳምንታት ሙከራ ሲሆን ብዙ ድርጅቶች አብዛኞቹን ሠልጣኞቻቸውን የሚመርጡት ከዚያ ነው።

ደካማ የመጀመሪያ ዲግሪን ለመሸፈን ብቻ ታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለማስተርስ መክፈል ግን አያዋጣም፤ ቅጹ መጀመሪያ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ዲግሪውን ውጤት ነው።