የአሜሪካን ስፖርት ከደንቡ ማንበብ፦ ለደሴ የትምህርት ቤት ክበባት

"አሜሪካኖች ማሸነፍ ይወዳሉ" የሚለው ስለ ማንኛውም አገር ሊባል ይችላል፤ ምንም አያስተምርም። ማኅበረሰቡን በስፖርቱ ለማየት ደንቡን ያዙ፦ ማን ይመረጣል? ገንዘቡ ለማን ይገባል? ማን ተከልክሎ ነበር? አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቀጥታ ስርጭት አታስቡ፤ ሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ) እኛ ጋ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚጀምረው። በፍላሽ የ15 ደቂቃ ቅጂ ያዙ፤ ግን ማስታወቂያውና ዕረፍቱ ያልተቆረጠ ይሁን። አስቀድማችሁ አንድ ነገር ንገሯቸው፦ አጥቂው ቡድን 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። ይህን ያልሰማ ተማሪ የሚታየው ግፊያ ብቻ ነው፤ ወዲያው ይሰለቻል። ከዚያ ግማሾቹ ኳሷ የምትንቀሳቀስበትን ሰከንድ፣ ግማሾቹ ጨዋታው የቆመበትን ይቁጠሩ። የ60 ደቂቃ ጨዋታ ለምን ሦስት ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ፣ በዕረፍቱም ማን ዕቃውን እንደሚያስተዋውቅ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ዋናው ክርክር እዚህ ነው፤ ከጊዜው ግማሹን ስጡት። "መጨረሻ የወጣ ቡድን ምን ይሁን?" ብላችሁ ጠይቁ። የእንግሊዝ ሊግ ተመልካች ሁሉ "ይውረድ!" ይላል፤ በ2016 ዋንጫ ያነሳው ሌስተር በ2023 ወርዷል። በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ግን የሚወርድ የለም። እንዲያውም መጨረሻ የወጣው አዳዲስ ተጫዋቾችን ከኮሌጅ ለመምረጥ ቅድሚያ ያገኛል። የአገር አቀፉ የቴሌቪዥን ገንዘብ ለ32ቱ ቡድኖች እኩል ይከፈላል፤ ከ1994 ጀምሮ አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ደመወዝም ጣሪያ አለው። "ታዲያ ነፃ ገበያው የት አለ?" የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ አታቋርጡት። ደንቡ ደካማውን ያነሳል፣ የባለቤቶቹንም ንብረት ከኪሳራ ይጠብቃል፤ አዲሱ ተጫዋች ደግሞ አሠሪውን አይመርጥም። ሦስቱም አብረው ይነሱ።

ስለ ክልከላው፦ ጃኪ ሮቢንሰን ሚያዝያ 1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ እስኪሰለፍ ድረስ ጥቁሮች ከትልልቆቹ የቤዝቦል ሊጎች ለአሥርት ዓመታት ታግደው የራሳቸው ሊግ ነበራቸው። የ1972ቱ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኙ ትምህርት ቤቶች የፆታ አድልዎን ሲከለክል፣ የሴት ልጆች ስፖርት ተስፋፋ። ማሞ ወልዴ ማራቶን ባሸነፈበት የ1968ቱ ሜክሲኮ ኦሎምፒክ ጥቁር አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ የዘር አድልዎን በመቃወም ሽልማት መድረክ ላይ ጡጫቸውን አንስተው ከውድድሩ ተባረዋል።

ብዙ ጊዜ ውይይቱ የሚበላሸው "አሜሪካ ጥሩ ናት፣ መጥፎ ናት" ወደሚል ሙግት ሲዞር ነው። ተናጋሪው በመጀመሪያ አንድ ደንብ ይጥቀስ፣ ከዚያ አስተያየቱን ይስጥ። መብራት ከጠፋም የመጨረሻው ቡድን ጥያቄ ቪዲዮ አያስፈልገውም፤ ከእሱ ጀምሩ።