የአቶምን ቅንጣቶች ከፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ማውጣት

በሰንጠረዡ ላይ በንጥረ ነገሩ ሳጥን ውስጥ መጀመሪያ ነጥብ የሌለውን ሙሉ ቁጥር ፈልጉ፤ አቶማዊ ቁጥሩ እሱ ነው። የሶዲየም 11 ስለሆነ ማንኛውም የሶዲየም አቶም 11 ፕሮቶን አለው። 12 ፕሮቶን ያለው አቶም ማግኒዚየም እንጂ ሶዲየም አይደለም። አቶሙ ገለልተኛ ከሆነ ኤሌክትሮኖቹም 11 ናቸው።

ለኒውትሮን ከመጠነ ቁስ ቁጥሩ (የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር) ላይ አቶማዊ ቁጥሩን ቀንሱ፤ መጠነ ቁስ ቁጥሩ 23 ለሆነው ሶዲየም፦ 23 − 11 = 12።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ባለነጥብ ቁጥር የኢሶቶፖች (ፕሮቶናቸው እኩል፣ ኒውትሮናቸው ግን የተለያየ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች) አማካይ መጠነ ቁስ እንጂ የአንድ አቶም መጠነ ቁስ ቁጥር አይደለም። የሶዲየምን 22.99 ወደ 23 ማጠጋጋት ያስኬዳል፤ በተፈጥሮ የሚገኘው ሶዲየም-23 ነውና። የመዳብን 63.55 ወደ 64 ካጠጋጋችሁ ግን 35 ኒውትሮን (64 − 29) ይወጣችኋል። የተፈጥሮ መዳብ ባለ 63 ወይም ባለ 65 ነው፤ ኒውትሮኖቹ 34 ወይም 36 ናቸው። ጥያቄው ኢሶቶፑን ከጠቀሰ ምንጊዜም እሱን ያዙ።

አዮን (ኤሌክትሮን ያጣ ወይም ያገኘ አቶም) ላይ የሚለወጠው የኤሌክትሮን ቁጥር ብቻ ነው። +1 ሶዲየም 10 ይቀሩታል፤ −1 ክሎሪን ከ17 ወደ 18 ያድጋል። የመደመር ምልክት አይታችሁ ኤሌክትሮን እንዳትጨምሩ፤ ኤሌክትሮን አሉታዊ ስለሆነ አቶሙ አዎንታዊ የሚሆነው ሲያጣው ነው።